ስፓኒሽ የሚያውቀው ፈረሳችን

ይድረስ በሩቅ አገር ላለችው የልጅ ልጄ ለናርዶስ፦

ከሰላምታ የሚቀድም ከባድ ጉዳይ ስላለ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። የአያትሽ የላይኛው የፊት ጥርስ፣ ሰባ ዓመት ያህል ያለ ዕረፍት ካገለገለ በኋላ፣ ባለፈው ጥር ቆሎ በመቆርጠም ላይ ሳለ ከሥራ ገበታው ተለይቷል። አስከሬኑ እስካሁን አልተገኘም።

አሁን ወደ ሰላምታው። እንዴት ከርመሻል የኔ እመቤት? ጤናሽስ? እንቅልፍሽስ? ያ የኩባ ሙቀት አቅልጦ አልጨረሰሽም? ምግቡስ ተስማማሽ ወይስ አሁንም ሩዝ ባየሽ ቁጥር ታለቅሻለሽ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን። ውርጩ ብቻ ያው የእንጅባራ ውርጭ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ጢሜን እንደ ጭራሮ ያደርቀዋል።

ባለፈው በስልክ የመምህር አየነው የስፓኒሽ ክፍል ሊዘጋ ነው ስትባዪ ድምፅሽ ሲሰልል ሰምቻለሁ። ኔትወርኩ ነው ብዬ አለፍኩት እንጂ ገብቶኝ ነበር። አንቺን እዚያ ድረስ ያደረሰሽ ያ ክፍል ነው። አየነው በልጅነቱ ኩባ ሄዶ የተማረውን ቋንቋ፣ ጂኦግራፊውን አስተምሮ ሲጨርስ ማታ ማታ እየቆየ፣ ለሃይስኩል ልጆች ሲያካፍል የኖረ ሰው ነው። ዘንድሮ ግን የቀሩት ተማሪዎች አንድ አግዳሚ ወንበር አይሞሉም ነበር። ርዕሰ መምህሩም እስከ ጥር መጨረሻ ተማሪ ካልመጣ ክፍሉ የተሰበረ ወንበር ማከማቻ ይሆናል ብሎ ቁርጡን ነገረው።

አየነው ልጆቹን ያልለመነበት ቀን የለም። ውጭ አገር የትምህርት ዕድል አለ አላቸው፤ ናርዶስን አታዩም ወይ አላቸው፤ ካርታ ሰቅሎ ቋንቋው የሚነገርባቸውን አገሮች አሳያቸው። እነሱ ማትሪክ ላይ አይመጣም ብለው ጥለውት ሄዱ። የጎረቤታችን የቢሻው ልጅ ፍቅርአዲስማ፣ ምላሷን ታውቂው የለ፣ ከማን ጋር ልናወራበት ነው፣ ከጫግኒ ባጃጅ ነጂ ጋር ነው ወይ ብላ ክፍሉን በሳቅ ገደለችው። ይህን ሊነግረኝ ቤት ሲመጣ ፊቱ የተላጠ ድንች መስሎ ነበር።

አንተ ሰው፣ ፈረስ አሳድገህ አታውቅም አልኩት። የእኛ ዳማ ገብስ አቅርበህ ብላ ስትለው ፊቱን ያዞርብሃል፤ የቢሻው በቅሎ አንገቷን ወደ ገብሱ ስትሰድ ግን ተጋፍቶ ይበላል። ልመናውን ተውና ለእኔ ሁለት ቃል ስጠኝ አልኩት። እንሂድ ለማለት ባሞስ፣ ቁም ለማለት ፓራ እንደሚባል ነገረኝ።

ከዚያ በከተማው አስወራሁ። የይሄይስ ፈረስ ስፓኒሽ ያውቃል፤ የሃይስኩል ተማሪ ያቃተውን ፈረስ ቻለው። የጥር ሃያ ሦስት የፈረስ በዓል ስለተቃረበ ፈረሰኞች ሜዳው ላይ ይለማመዱ ነበር። ከትምህርት ቤት የተለቀቀው ሁሉ ሊስቅብኝ ተሰበሰበ። ፍቅርአዲስም፣ አያ ይሄይስ፣ ፈረስዎ ማትሪክ ስንት ያመጣል ብላ ጠየቀችኝ። ካንቺ አያንስም አልኳትና ኮርቻው ላይ ወጣሁ። ባሞስ አልኩ፤ ዳማ ሄደ። ፓራ አልኩ፤ እንደ ምሰሶ ቀጥ አለ። እኔም እንደ ደጃዝማች ቀስ ብዬ ወረድኩ።

በማግስቱ አየነው ክፍሉን ሊከፍት ሲሄድ ልጆቹን በሩ ላይ ተኮልኩለው አገኛቸው። ቀስ በል እንዴት ይባላል? ዙር እንዴት ይባላል? ያዙት እንዴት ይባላል? እያሉ አዋከቡት። ሜዳው ላይ ስላልነበረ ምን እንደነካቸው ግራ ገባው፤ ቢሆንም ሁሉንም መለሰላቸው። ዛሬ ወንበር ጠቧቸው መስኮት ላይ ይቀመጣሉ። ፍቅርአዲስ ከፊት ሆና፣ ዘግይቶ የሚመጣውን ፓራ ብላ በር ላይ ታቆማለች። ርዕሰ መምህሩም የተሰበሩትን ወንበሮች አስጠግኖ ራሱ ተሸክሞ አመጣቸው። ክፍልሽ አልተዘጋም፤ አንቺም ሐሳብሽን ጥለሽ ትምህርትሽን ተማሪ።

ሴት አያትሽ፣ ሸጋ፣ ጉንጭሽን ትስማለች፤ ከሳሽ ወይ ትላለች። እናትሽ ስንታየሁ በርበሬ አስፈጭታ ወደዚያ የሚሄድ ሰው እየጠበቀች ነው። አባትሽ አዝመራው እንደ ልማዱ ሰላም በልልኝ ብቻ ብሎ ወደ ሥራው ሄደ፤ የእሱ ሰላም ግን ከልብ ነው። አብራሽ ለምታድረው ለቦሊቪያዋ ልጅ፣ አያቴ ባሞስ ብሎሻል በያት፤ ሌላ ቃል የለኝም።

ወረቀቱ ሳያልቅ ደግሞ አንድ ነገር። ዳማ ቆመ ያልኩሽ ፈጠራ ነው። ሜዳውንና ፈረሶቹን ሲያይ በዓሉ የደረሰ መሰለው መሰለኝ፣ ፓራ እያልኩት ሽምጥ ይዞኝ ነጎደ። ያ ሁሉ ተማሪ ሽማግሌው አለቀ ብሎ ከኋላዬ እየሮጠ ባንድ አፍ ፓራ! ፓራ! ይጮሃል። ፈረሱ ሌላ ቋንቋ የሚሰማ አልመሰላቸውማ፤ በአማርኛም ሆነ በአገውኛ ቁም ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ዳማ የቢሻው የሣር ክምር ጋ ሲደርስ ቆመ። እኔ ግን አልቆምኩም። ጥርሴም እዚያው ክምር ውስጥ ነው። ለአያትሽ ለሸጋ የነገርኳት የቆሎውን ነውና ስትደውይ አደራሽን።

አያትሽ ይሄይስ
እንጅባራ፣ የካቲት 9 ቀን 2008 ዓ.ም.