ባዶው ሲሊንደር

ውድ ጓደኛዬ፣ ካርዱ ላይ ባሕር አለ፤ እኔ ግን ያየሁት አጎቴ ኤሲ የሚጠግንበትን፣ እኔም ከሥሩ ሆኜ የምሠለጥንበትን የሆቴል ጣሪያ ነው። ከአሮጌ ኤሲ የሚወጣውን ጋዝ በሲሊንደር መሰብሰብና መዝገብ ላይ ማስፈር በሕግ ግዴታ ነው። አጎቴ ግን ቧንቧውን ፈትቶ አየር ላይ ለቀቀውና «ማን ያየናል? አራት ኪሎ ተሰበሰበ ብለሽ ጻፊ» አለኝ። ጻፍኩ። ከሰዓት በኋላ የሥልጠናው ተቆጣጣሪ መጥታ ሲሊንደሩን ስትመዝነው ባዶ ሆኖ ተገኘ። አጎቴ ሳቅ ብሎ «ልጅ አይደለች? ከራሷ ሞነጫጭራ ነው» አላት። ሴትየዋ ዞራ «እውነት ነው፣ የኔ ልጅ?» ስትለኝ፣ እንደምታውቂኝ አጎቴን ማጋለጥ አልቻልኩም፤ መዝገቡን ዘግቼ ሰጠኋት። ስሜን ከሠልጣኞች ዝርዝር ሰረዘችው። ደረጃውን ስንወርድ አጎቴ «ጎበዝ! ዘመድ ማለት እንዲህ ነው» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እጁን ልነክሰው ምንም አልቀረኝ።

አባትሽ የአንድ አሮጌ ፍሪጅ ጋዝ ለመሰብሰብ ግማሽ ቀን ሲለፉ «ኤሊው» እያልን መሳቃችን አሁን ያንገበግበኛል። ቦታ አለቀብኝ። እማዬን ሳሚልኝ፤ ምንም እንዳትነግሪያት። ለአባትሽ ግን ይህን ካርድ አንብቢላቸው። ለሥልጠናው ዋስ የሆኑልኝ እሳቸው ናቸውና ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት።