ለቀይ ጨርቅ የምትሻገር ጀልባ

ፋልጉን 9

ይህን ማስታወሻ የጀመርሁበት ምክንያት አንድና ግልጽ ነው። የማዶው መንደር ሽማግሌዎች የመሻገሪያዋን ጀልባ ታሪክ እንድጽፍላቸው ጠይቀውኛል። በወንዙ ወደ ላይ ርቆ የተሠራው ድልድይ ሊከፈት ስለ ሆነ ጀልባዋ በሚቀጥለው ወር፣ በቾይትሮ 30፣ የመጨረሻ ጉዞዋን ታደርጋለች፤ ታሪኳ ያን ዕለት ይነበባል። ለሽማግሌዎቹ የሚሰጠው በንጹሕ ወረቀት ይጻፋል። ለእነርሱ የማይነገረው እዚህ ይቀራል።

የማይነገረው ምንድን ነው? እኔ ራሴ በጀልባዋ እንዳልሳፈር መከልከሌ።

ባለፈው ክረምት መሳፈሪያው ጭቃ ላይ ወድቄ ዳሌዬ ተሰበረ። ልጄ ሱቢር ወደዚህ፣ ከተማው ዳር ወዳለው ቤቱ፣ ሦስተኛ ፎቅ አመጣኝ። "እስኪሻልዎ ብቻ ነው፣ አባባ።" ተሻለኝ። በበትር እሄዳለሁ። የደረጃው የብረት በር ግን ሁልጊዜ ይቆለፋል... ቁልፉ ምራቴ ኢላ ከምትጠቀለልበት ሳሪ ጫፍ ላይ ታስሮ ይውላል።

በመስኮቱ የወንዙ አፍ ወለል ብሎ ይታየኛል። ወንዙ እዚህ ላይ ባሕር ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ማዶ የቤቴ ቆርቆሮ ጠዋት ጠዋት ያብለጨልጫል። በድልድዩስ? ዞሮ መንደሬ ለመድረስ ግማሽ ቀን የሚያንገጫግጭ መንገድ ነው፤ ይህ ዳሌ አይችለውም። ጀልባዋ ከቆመች እኔም እዚሁ ቆምሁ።

ፋልጉን 13

ጥቂት ጻፍሁ። መጀመሪያ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች ታንኳ ነበረች። ቀጥሎ ባለ ሁለት መቅዘፊያ ጀልባ። የዛሬዋ የመስኖ ውኃ መሳቢያ ሞተር ተገጥሞላት እንደ አሮጌ ወፍጮ ትንኳኳለች። ሁሉንም የነዱት የአንድ ቤት ሰዎች ናቸው። ዛሬ ቶራብ፤ ከእርሱ በፊት አባቱ...

ደንቡን በጥንቃቄ አሰፈርሁ። ከየትኛውም ዳር ነጭ ጨርቅ ከተሰቀለ ተሳፋሪ አለ፤ ጀልባዋ ውኃው ሲመቻት ትመጣለች። ቀይ ከተሰቀለ በሽተኛ አለ፤ ነፋስ ቢሆንም፣ ውኃው ወደ ባሕር እየሸሸ ቢሆንም ትመጣለች፤ ዋጋም አትጠይቅም። ቶራብ ራሱ የተወለደው በቀይ ጨርቅ በተጠራ ጉዞ መካከል፣ በአባቱ ጀልባ ወለል ላይ ነው። "በሐሰት ቀይ የሰቀለ ሰው እስከ ዛሬ የለም" ብዬ ምዕራፉን ዘጋሁ። ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነው።

ፋልጉን 16

በእራት ላይ ጠየቅሁ።

"ሱቢር፣ ቤቴ የምሄደው መቼ ነው?"

"እናያለን፣ አባባ።"

"ማነው የሚያየው? መቼ?"

"ዓሣው ይቀዘቅዛል፤ ይብሉ እንጂ።"

ዕድሜዬን ሙሉ አስተምሬአለሁ። እንዲህ ያለ መልስ የሰጠኝን ተማሪ ከክፍል አስወጣው ነበር። እዚህ ግን መውጣት የተከለከልሁት እኔ ነኝ።

ፋልጉን 22

ኢላ የወንዝ ዳር ልጅ አይደለችም። ቀይ ሳሪዋን አጥባ በረንዳው ላይ አሰጣች። ነፋሱ ከባድ ነበር። ጀልባዋ ማዶውን ለቅቃ ስትነሣ በመስኮት አየሁ። በዚህ ነፋስ? ምን ፈልጋ? ከዚያ ሳሪው ታየኝ! ጮኽሁ። ቶራብ ግን አልሰማኝም።

ቶራብ ከራሱ እስከ እግሩ ርሶ ከታች ደጃፉ ላይ ቆመ። "ማን ነው የታመመው?"

"ማንም! ልብስ ነው ያሰጣሁት!" አለች ኢላ ከበረንዳው።

"እመቤቴ፣ ለሳሪሽ ብዬ ነው እንዴ ልሰጥም የነበረው? ሁለተኛ አረንጓዴ ግዢ!"

"እኔ ምን አውቄ! በእናንተ አገር ልብስም በፈቃድ ነው የሚሰጣው?"

"ቀይ ከሆነ፣ አዎን።" ቀና ብሎ አየኝ። "መምህር! ምነው እንዲህ ከሱ? ጓሮዎ ውስጥ እኮ ፍየል ነግሦበታል!"

"ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ተናገር" አልሁት።

ኢላ አፍራ ደረቅ ፎጣ ይዛለት ወረደች። ደንቡን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስረዳት።

ፋልጉን 23

ሣጥኔ ውስጥ ቀይ ፎጣ አለ።

ቾይትሮ 4

አይሆንም። ያልታመመ ሰው ቀይ አይሰቅልም። በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ።

ነገር ግን በሽተኛ ማን ነው? ተነሥቶ ወደሚሻው ቦታ መሄድ የማይችል ሰው አይደለምን? ቀኑን ሙሉ ከዚህ ጥያቄ ጋር ዋልሁ። በሩም ተቆልፎ ዋለ።

ቾይትሮ 11

ሰቀልሁት። ሱቢር ሥራ ላይ ነበር።

ቶራብ ደረጃውን እያለከለከ ወጥቶ ከብረቱ በር ማዶ ቆመ። "የት ላይ ነው የሚያምዎ?"

በበትሬ የበሩን ጓጉንቸር አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ አየው። ይስቅብኛል ወይም ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ።

"ይህስ ክፉ በሽታ ነው" አለ። ወደ ኢላም ዞረ። "እመቤቴ፣ ቀይ ተሰቅሏል።"

"ሱቢር በቁሜ ነው የሚቀብረኝ!"

"ባልሽን ወደ እኔ ላኪው።"

የሳሪዋን ጫፍ እየጠመዘዘች ቆየች... ቁልፉን ፈትታ በሩን ከፈተች። መድኃኒቴን በጨርቅ ቋጥራ ኪሴ ውስጥ ከተተች። "ውኃ ውስጥ ቢወድቁ ግን አላውቅልዎትም፣ አባባ!" እያለቀሰች ነበር።

ቶራብ እንደ ጆንያ አዝሎ አወረደኝ። አላፈርሁም።

ቾይትሮ 19

በቤቴ ነኝ። ጣሪያው ያፈሳል። ብቻዬን ወደ ኩሬው መውረድ አልቻልሁም፤ ውኃ የምታመጣልኝ የቶራብ ሚስት ናት። ሱቢር የፈራው ከንቱ ነገር አልነበረም፤ ይህም ይጻፍ። ጀልባዋ ከቆመች እዚህም እታሰራለሁ... ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? የዚህኛው በር ክፍት ነው።

የጀልባዋን ታሪክ ጨረስሁ። "በሐሰት ቀይ የሰቀለ የለም" የሚለውን ሰረዝሁት። "አንድ ሽማግሌ ሳይታመም ሰቀለ፤ ጀልበኛው ግን በሽተኛ ነው ብሎ ፈረደለት" በሚለው ተካሁት።

ለሱቢር በቶራብ እጅ የላክሁት ቃል ይህ ነው፦

"ልጄ ሱቢር፣ በእኔ የተነሣ ኢላን አትቆጣት። የምጠይቅህ አንድ ነገር ብቻ ነው። ወደ አንተ ብመለስ የደረጃው በር ይቆለፋል ወይስ አይቆለፍም? አይቆለፍም ካልህ በመጨረሻዋ ጀልባ እመጣለሁ። ይቆለፋል ካልህ እዚሁ እቀራለሁ። 'እናያለን' መልስ አይደለም። እስከ ቾይትሮ 28 ድረስ በጽሑፍ መልስልኝ። ቶራብ መጥቶ እንዲወስደው ነጭ ጨርቅ ስቀል፤ ቀይ አያስፈልግም።"