ብርድዎን ያበድሩኝ

ውድ ጋሽ አምባዬ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ ተሻለዎት? እኔ ይመስገነው ደህና ነኝ። ሰመራም ያው ሰመራ ናት፤ ሰው ቁርስ ሳይበላ ላብ ይቀድመዋል። ደብዳቤ መጻፌ አይግረምዎት። በስልክማ ከእርስዎ ጋር ተነጋግሮ መጨረስ እንዴት ይቻላል? ሁለት ቃል ይናገሩና «በል ደህና ዋል» ብለው ጆሮዬ ላይ ይዘጉታል። ወረቀት ግን ካልቀደዱት በቀር አይዘጋም። የምጽፈው ሹፌሩ ሙሌ ትናንት ስላመጣልኝ ነገር ነው፤ ነገር ግን ከሥሩ ካልጀመርኩ አይሆንልኝምና በሞቴ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

ሽማግሌዎቼ ቤትዎ የመጡ ዕለት እኔ አልነበርኩም፤ ላኪው ደጅ ላይ አይታይም። አጎቴ ጋሽ ካሣ ግን ደጋግሞ ስለተረከልኝ እዚያው የነበርኩ ያህል አውቀዋለሁ። «ባዶ እጅ አይኬድም» ያለው እሱ ነው። «ሰውየው የኬክ ቤት ባለቤት፣ አንተ የኬክ ዘይት ፋብሪካ ውስጥ የምትሠራ፣ ከዚህ የበለጠ ምን ስጦታ አለ?» አለኝ። እኔም አዲሱን ዘይታችንን፣ በገዛ እጄ የቀላቀልኩትን፣ በጀሪካን ሞልቼ ሰጠሁት። ሰመራ ላይ ያ ዘይት ከመጥራቱ የተነሳ ከጠርሙሱ ጀርባ ጋዜጣ ይነበብ ነበር።

እነሱ በቆጂ ሆቴል ሲያድሩ ጀሪካኑ መኪናው ላይ ውርጭ ሲመታው አደረ። ጠዋት ቤትዎ ገብተው፣ ተመርቆ፣ ነገሩ ሁሉ ሲያምር፣ ጋሽ ካሣ አፉን ከፈተ። «እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ዘይት ነው» አለ። እርስዎም «እስቲ እንየው» ብለው ሳህን አስመጡ። ጋሽ ካሣ ጀሪካኑን ዘቀዘቀው፤ ምንም የለም። ነቀነቀው፤ ምንም። ከዚያ አንድ ነጭ ጓል ዱብ አለ ሳህኑ ላይ። በጣትዎ ፈተጉት፣ አሸተቱት፣ ከዚያ «ይኼ ሻማ ነው። እኔ ልጄን ለሻማ ነጋዴ አልሰጥም» አሉ። ወይ ጉድ! ጋሽ ካሣ እስከ ዛሬ ሻማ ሲያይ ፊቱን ያዞራል።

ማታውን ልጅዎ ኩኩ ከአዋሽ ደወለች። «ምንድን ነው የላክኸው?» ብላ እያለቀሰች፣ በመሃል ደግሞ ሳቅ ያመልጣታል። አዋሽ ትምህርት ቤት በመምህርነት ተመድባ እናቴ ግቢ ውስጥ ቤት የተከራየች ዕለት እኔ ለዕረፍት መጥቼ ነበር፤ ፍራሿን ከመናኸሪያ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ይህን ነግራዎት እንደሆነ አላውቅም። ያን ቀን ገና የግቢያችንን በር ሳናልፍ ወደድኳት፤ ልደብቅዎት አልችልም። ስለዚህ እምቢታዎ አጥንቴ ድረስ ነው የተሰማኝ።

ሻማ አልነበረም ጋሼ። ዘይትና ውሃ እንደማይዋደዱ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ፤ ዕድሜ ልክዎን ሊጥ ሲመቱ ኖረዋል። የኬክ ዘይት ውስጥ ኢሙልሲፋየር የሚባል ነገር የሚገባው ለዚህ ነው። ዘይቱን በአንድ እጁ፣ ውሃውን በሌላ እጁ ይዞ ያስማማቸዋል፤ ኬኩም ይነፋል፣ ቶሎም አይደርቅም። ስሙ ለአፍ ስለሚያስቸግር እኛ ፋብሪካ ውስጥ «ሽማግሌው» ነው የምንለው። የዚህ ሽማግሌ ጠላቱ ብርድ ነው። ሲበርደው ከዘይቱ ይለይና እርስ በርሱ እየተያያዘ አሸዋ አሸዋ ይሆናል፤ ሲብስበትም ዘይቱን ሁሉ ይዞት ይረጋል። ሰመራ ላይ ይህን ማን ያያል? እዚህ ቅቤ እንኳ ረግቶ አያውቅም።

የላቦራቶሪያችን ኃላፊ ዊዳድ የአሳይታ ልጅ ናት፤ ነገር አታድበሰብስም። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስታ «ወላሂ ቻላቸው፣ ይኼ ዘይት ምንም የለውም! እየው» አለችኝ። አልዋሸችም። ፍሪጅ ውስጥ ከተትነው፤ መብራት ሄደ። መብራት ባይሄድም የፍሪጅ ቅዝቃዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ዘይቱን ጉድ የሚያደርገው ግን ሌሊት ውርጭ ቀን ፀሐይ እየተፈራረቀበት መሰንበቱ ነው። ያ ደግሞ ያለው እናንተ አገር ነው። እኔ በቆጂ ውስጥ ከእርስዎ ሌላ ማንን አውቃለሁ? ዊዳድ «ደውል፣ ከዚህ በላይ ምን ይሉሃል?» ባትለኝ ኖሮ ስልኩን አልነካውም ነበር።

«ጋሼ፣ ስለ ልጅዎ አይደለም የደወልኩት» አልኩ።

«እና ምን ፈልገህ ነው?»

«ብርድዎን ያበድሩኝ።»

የዘጉብኝ መስሎኝ ስልኩን አየሁት።

«ሰመራ ሁሉ ነገር አለ፣ ብርድ ብቻ የለም» አልኩ ቶሎ ብዬ። «ትንንሽ ጠርሙስ ልላክልዎት፣ የኬክ ቤትዎ መስኮት ላይ ያኑሩልኝ። ከረጋ ረጋ ይበሉኝ። ካልረጋ...»

«ካልረጋ ምን?»

«ያኔ ሽማግሌ እልካለሁ።»

«ዓይኔ ያየዋል» አሉ። «ዱቄቴን ግን አይነካም። ሰማህ? ዱቄቴን አይነካም። በል ደህና ዋል።»

ዊዳድ «እምቢ አሉ?» ስትለኝ «መስኮታቸውን ሰጡኝ!» ብዬ እንዴት እንደዘለልኩ ቢያዩኝ ኖሮ ይበልጥ ይታዘቡኝ ነበር።

ከዚያማ ያውቁታል። ሙሌ ከጅቡቲ ጭኖ፣ ዲቾቶን ሰርዶን አልፎ እኛ ጋ ሲደርስ ጠርሙሱን ይቀበለኛል። አዋሽ ላይ እናቴ ንጋትወርቅ ጋ ምሳውን ይበላል፤ እሷም ጠርሙሱን ታገላብጥና «በል እንግዲህ አታሳፍረን» ትለዋለች፣ ሰው ይመስል። ኩኩ በጨርቅ ትጠቀልለዋለች። ከአዳማ በበቆጂ አውቶቡስ ረዳት እጅ እርስዎ ዘንድ ይደርሳል። ከዚያ የእኔ ሥራ ስልክ መጠበቅ ነበር።

«ደፍርሷል። ደህና ዋል።»

«ታቹ ነጭ ሆኗል። ደህና ዋል።»

«ይኸኛው ከሁሉም ይብሳል፤ ምን አድርገህበት ነው?» ያሉኝ ቀን ዘይቱ ቢበላሽም ደስ አለኝ። ጥያቄ ጠየቁኝ! ኩኩ ደግሞ ለገና ቤት መጥታ ያየችውን ሹክ ብላኛለች። ጠዋት ጠዋት ጋቢዎን እንደተከናነቡ መጀመሪያ የሚሄዱት መስኮቱ ጋ ነው አሉ። ደንበኛ «ጠበል ነው ወይ?» ሲልዎት «አይ፣ የአንድ ግትር ልጅ ዘይት ነው» ብለው መለሱለት አሉ። ግትር መባሌን እንደ ሙገሳ ነው የወሰድኩት፤ ከሻማ ነጋዴ ይሻላል።

ከዚያ ያ የምሳ ሰዓት ስልክ መጣ። በራስዎ ደወሉ።

«ስማ፣ ተናድጄ ነበር።»

«በምን ጋሼ?»

«በዘይትህ ነዋ! ደግሞ ረጋ። አንስቼ መጋገሪያው አናት ላይ ወረወርኩትና ረሳሁት። በኋላ ሳየው እጅ ይፈጃል። ሲቀዘቅዝ መስኮቱ ላይ መለስኩት። ይኸው ሰነበተ፣ አልረጋም። ያው ራሱ ዘይት ነው፣ ጠብታ አልጨመርኩበትም።»

«ደህና ዋል» አላሉም። ምን እንደምል እየጠበቁ ነበር። እኔ ግን ስልኩን እንደያዝኩ ወደ ዊዳድ ሮጥኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እርስዎ ላይ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ምን ስናጠፋ እንደነበር ልንገርዎት፣ ይሳቁብን። ሰመራ ላይ የገላ መታጠቢያ ውሃ የሚያሞቅ ሰው የለም። ሮቶው ፀሐይ ላይ ነው፤ ቀን ቧንቧ የከፈተ ይቃጠላል። ፀሐይን ማመን ስለለመደብን የሽማግሌውንም በርሜል ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ አቁመን፣ ለስለስ ሲል ዘይቱ ውስጥ ገልብጠን፣ አማስለን፣ ለዓይናችን ሲጠራ «ቀለጠ» እንላለን። አልቀለጠም ነበር። በዓይን የማይታይ ፍርፋሪ ይቀራል። ብርድ ሲመጣ የሟሟው ሁሉ በዚያ ፍርፋሪ ዙሪያ ይሰበሰባል፤ መርጋቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የእርስዎ መጋገሪያ ያንን ፍርፋሪ ጨርሶ ስላሟሟው ብርዱ የሚይዘው አጣ። ዊዳድ በርሜሉ ውስጥ ቴርሞሜትር ከትታ ስታየው ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ሱብሃነላህ! ሰመራ ውስጥ ሙቀት አንሶን!» ብላ እስኪያማት ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ማን ያስባል?

ሽማግሌውን በቦይለር እንፋሎት ጨርሰን ማቅለጥ ስንጀምር የላክነው ጠርሙስ ከቀደሙት ሁሉ ብዙ ቆየ። ቢሆንም ውርጩ ሲበረታ ታቹ ጥቂት አሸዋ አሸዋ አለ፤ እርስዎም «ተስፋ አለው» አሉኝ። ቀጥለን ከሌላ ዓይነት ኢሙልሲፋየር ጥቂት ጨመርንበት። ይኸኛው ቅርጹ ከነዚያ አይገጥምም። ስኳር የሚሸጥበት ሰልፍ ላይ መሃል ገብቶ ሁሉን የሚበጠብጥ ሰው ያውቁ የለ? እንደዚያ ነው፤ እነዚያ ብርድ መጣ ብለው ሊደረደሩ ሲሉ መሃላቸው ይገባል፣ ሰልፉ ይፈርሳል፣ ሳይረጉ ይቀራሉ። ያን ጠርሙስ ለጥምቀት ሰሞን ላክሁልዎት።

እርስዎም ጠፉ።

ብደውል አያነሱም። ኩኩን ብጠይቅ «ለእኔም አላነሳ አለኝ» ትላለች። እናቴ «ዝምታ ደግ ነው» ብትልም ድምፅዋ አላማረኝም። መጀመሪያ ረግቶ ይሆናል፣ መንገሩ ሰልችቷቸው ነው ብዬ ነበር። ያ አላስጨነቀኝም። የጨነቀኝ ሌላው ነው። ዘይቱ ቢረጋ ሌላ እሠራለሁ። ዘይቱ ጠርቶ፣ እርስዎ ግን እኔን ካልፈለጉኝስ? ለዚያ ምን ቦይለር አለው? ጋሼ፣ በዚያ ሰሞን ዊዳድ ሁለቴ ስታናግረኝ ሳልሰማ ቀርቼ ጨው በስኳር ቦታ ሻይዬ ውስጥ ጨምሬ ጠጥቻለሁ። ኩኩን ማጣት ፈራሁ። እውነቱን ልንገርዎት፣ የእርስዎንም «ደህና ዋል» ማጣት ፈራሁ።

ትናንት ሙሌ ከአዳማ ሲወርድ ፋብሪካው በር ላይ ቆሞ ክላክስ አደረገ። በሲባጎ የታሰረ ካርቶን ሰጠኝ። «ከበቆጂ ነው። አዋሽ እናትህ ጋ አድሯል፤ እማማ ልትከፍተው ስትል ኩኩ ከለከለቻት» አለኝ። ፈታሁት። ከላይ ጠርሙሱ ነበር፤ ባዶውን፣ ታጥቦ፣ የሳሙና ሽታ ያለው። ደፉት ማለት ነው አልኩ። በቃ፣ ዕቃህን ውሰድ ማለታቸው ነው አልኩ።

ከሥር ያለውን ወረቀት ያነሳችው ዊዳድ ናት። ኬክ! ከበቆጂ የተነሳ፣ አዋሽ ያደረ፣ የገዋኔን ሐሩር በሙሌ ጋቢና ውስጥ ያለፈ ኬክ። ድንጋይ ሆኗል ብዬ በጣቴ ተጫንኩት፤ ገባ፣ መልሶም ተነሳ። ለስላሳ ነው! ዊዳድ ቀመሰችና ሁለተኛ ቆረሰች። ያን ጊዜ ገባኝ። ጠርሙሱ ባዶ የሆነው ስለደፉት አልነበረም። ዱቄትዎን አስነኩት።

ሙሌ ደግሞ መኪናው ላይ እየወጣ «ለካ መልእክትም አለ፤ የአውቶቡሱ ረዳት ነው የነገረኝ፣ ለእኔ አልገባኝም» አለ።

«ምን አሉ?»

«‹ለሠርግ ኬክ ጠርሙስ አይበቃም፤ በጀሪካን ይላክ› ብለዋል።»

አለቀስኩ ጋሼ። እዚያው በሩ ላይ፣ ዘበኛው እያየኝ።

እንግዲህ ጋሽ ካሣን ስለ ምንጭ ውሃ እንዳያወራ አስምዬዋለሁ። ሽማግሌዎቹ ጾም ሳይገባ ይመጣሉ፤ ሠርጉን ከፋሲካ በኋላ እርስዎ ባሉት ቀን እናደርጋለን። ላኪ ደጅ ላይ አይታይም ብያለሁ፤ ዘንድሮ ግን እኔም እመጣለሁ። ከሽማግሌዎቹ ጋር አልቀመጥም። ዋዜማውን ጀሪካኑን ተሸክሜ መጥቼ ውርጩ ላይ፣ ደጅዎ አስቀምጬ እሄዳለሁ። ይደርበት። ጠዋት ጋቢዎን ተከናንበው ሲወጡ ማንም ሳይደርስብዎት እርስዎ ራስዎ ይክፈቱት፤ ሳህኑም ያው የዚያን ቀኑ ይሁን።

እስከዚያ ደህና ይዋሉልኝ፤ ዛሬስ እኔ ቀደምኩዎት።

ብርድዎን የተበደረው፣
ቻላቸው
ከሰመራ