ሳላይ የፈረምኩት

ግንቦት 18፣ ሰኞ፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ሞተሮቹ ወደ መስክ ወጡ። እኔ ቀረሁ። የመስክ ዝርዝሩ ላይ ግን ስሜ አንደኛ ነው፦ ሰሚራ፣ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ። የወረዳው ግብርና ቢሮ ኃላፊያችን አቶ ግርማ የገጠር ጭቃ ለክራንች አይሆንም ይላል። በደግነት ነው የሚለው። ደግነቱ ነው የሚያንገበግበኝ! ባልደረባዬ ፉአድ ሄዶ ያየውን ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ እፈርማለሁ። ስድስት ዓመት እንዲሁ። እውነቱን ልንገርህ ደብተሬ፣ ዝናብ ሲጥል መቅረቱን የምወድበት ቀንም አለ።

ግንቦት 20፣ ረቡዕ፣ 6 ሰዓት

አባ ቢያ የሚባሉ ገበሬ ከሰቃ ወዲያ መጡ። ከነሥሩ የተነቀለ ቡና በጆንያ ይዘው። እኔን አልፈው ወደ ውስጥ ያያሉ። «ኦጌሲ ኤሳ ጂራ?» ባለሙያው የት ነው? እኔ ነኝ አልኳቸው። ክራንቼን አዩ፤ ጆንያውን ፈቱ።

ግንዱን በቢላ ላጥ አደረግኩት። ከልጡ ሥር ጥቁር። ቡና አድርቆ የሚገድለው በሽታ፣ አልጠራጠርም። የት ነው የበቀለው? የወረዳው ችግኝ ጣቢያ አጥር ሥር አሉኝ። የጣቢያው ችግኝ ንጹህ ነው ብዬ ባለፈው ሳምንት የፈረምኩት እኔ ነኝ። ማን መጥቶ አየው? ወላሂ ማንም አልመጣም አሉ።

ችግኙ ቅዳሜ ሸቤ ላሉ ገበሬዎች ይጫናል፤ በሽታው ከያዘው አብሮ ይሄዳል።

ግንቦት 21፣ ሐሙስ

አቶ ግርማ ዘንድ ገባሁ። ሻይ አዘዘልኝ። ሻይ! ፉአድ ያየዋል፣ አንቺ አትድከሚ አለኝ። እኔው እሄዳለሁ ስል ደነገጠ፤ ብትወድቂ የምጠየቀው እኔ ነኝ አለኝ። የቢሮው ደረጃ ላይ ዘንድሮ ሁለቴ ወድቄያለሁ፣ ማን ጠየቀዎት አልኩት። ሞተርም መኪናም ከለከለኝ።

ፉአድ ኮሪደር ላይ ያዘኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። ችግኝ ጣቢያውን ሊያይ የሄደ ቀን ጭቃው አላሳለፈውም፣ ከመንገድ ተመልሶ ነው ንጹህ ነው ያለኝ። እንዳትናገሪ አለኝ፤ ፊርማው ያንቺ ነው፣ ቀድመሽ የምትባረሪው አንቺ ነሽ። እውነቱን ነው።

ግንቦት 22፣ ዓርብ፣ ንጋት 12 ሰዓት

አባ ቢያ ደውዬላቸው በቅሏቸውን ይዘው በር ላይ ናቸው። አቶ ግርማ ሁለቴ ደወለ፣ አላነሳሁም።

ፈርቻለሁ። ከበቅሎ መውደቁን አይደለም። ብባረር፣ ድሮም አካል ጉዳተኛ አይችልም ነው የሚሉት። ከእኔ በኋላ የሚቀጠረውንም በእኔ ይመዝኑታል። ቢሆንም ሄጄ አያለሁ፤ ጥፋቴን የማምንበት ደብዳቤም ዛሬውኑ ለአቶ ግርማ ይገባል፣ ግልባጩ ለጅማ ዞን ግብርና ቢሮ። ስመለስ ፈርቼ እንዳልተወው እዚህ ልጀምረው፦

«እኔ ሰሚራ፣ የችግኝ ጣቢያውን ሳላይ፣ ችግኙ ንጹህ ነው ብዬ ፈርሜያለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ከፈረምኩትም አንዱንም በዓይኔ አላየሁም። ዛሬ ግን...» ቀሪውን አይቼ ስመለስ እጽፈዋለሁ።