አሥራ ሁለት እርምጃ ላራመዱኝ ጓድ ኃላፊ

ይድረስ ለክቡር ጓድ የሆስፒታሉ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ አላህ እርስዎንና መላ ቤተሰብዎን በጤና እንዲጠብቅልኝ እየተመኘሁ፣ እኔ የአሊዩ አምባው በርበሬ ነጋዴ ያሕያ ዓብዱ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ሦስት ጊዜ በፖስታ ጽፌ መልስ ስላላገኘሁ፣ የፖስታ ቤቱን ድካም ለመቀነስ ስል ይህን አራተኛውን በቀበሌያችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። የበሽተኛዎ ብዛት አስረስቶዎት እንደሆነ፣ ነሐሴ 24 ቀን 1976 ዓ.ም. የኩባው ሐኪም ያለቀ ቀኝ ጉልበቴን አውጥቶ በብረት የተካልኝ ሰው ነኝ።

1ኛ. ስለ መስተንግዶዎ አመሰግናለሁ። በተቀደድሁ በዘጠነኛው ቀን፣ ስፌቱ ሳይደርቅ፣ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል የመጡ እንግዶችን አስከትለው ክፍሌ ድረስ መጡልኝ። ቀደም ብሎ መርፌ ተወግቼ ስለነበር እግሬ የእኔ አይመስለኝም ነበር። እርስዎም ክራንቼን ከእጄ ተቀብለው ግድግዳ አስደገፉትና «ተራመድ» አሉኝ። ተራመድሁ። ይኼኔ የኩባው ሐኪም እየሮጠ ገብቶ፣ እጁን እያወናጨፈ «ሲየንተሴ! ሲየንተሴ!» ብሎ ጮኸ። አስተርጓሚዎ ፈገግ ብሎ «በርታ፣ ቀጥል ነው የሚልህ» አለኝ። ሐኪሜ ካለ ብዬ በረታሁ። በአሥራ ሁለተኛው እርምጃ ላይ ጉልበቴ ውስጥ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ ያለ ነገር ሰማሁ፤ እንግዶቹ ግን ያጨበጭቡ ስለነበር አልሰሙም።

2ኛ. ይኸው አራት ዓመት ሊሞላው ነው። አንኮበር ላይ ውርጭ ሊወርድ ሲል ከሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው ይህ ብረት ነው። ድሮ ከጭነት አጋሰስ ኋላ እየዘፈንሁ የምወጣውን ዳገት፣ ዛሬ በበቅሎ ተቀምጬ እንኳ አልችለውም። ሱጁድ መውረድ ስላቃተኝ ዱካ ላይ ተቀምጬ እሰግዳለሁ። ባለቤቴ ሰሊሃ እግሬን በሁለት እጇ አንስታ ካልሰጠችኝ መደብ ላይ አልወጣም። ሆስፒታልዎ ግን «ሕመሙ ከሐሳብ የመጣ ነው» ብሎ መልሶኛል። ሐሳቤ ከጭንቅላቴ ተነሥቶ በየት በኩል አድርጎ ጉልበቴ እንደገባ ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል።

3ኛ. ነጋዴ ነኝና ጥርጣሬዬን ይቅር ይበሉኝ፤ የበርበሬ ጆንያ ሲመጣልኝ ላዩን አይቼ ሳይሆን እጄን እስከ ታች ሰድጄ ነው የምገዛው። ከእርምጃዬ በፊት የተነሣሁት ራጅ በፋይሌ ውስጥ እያለ፣ ከእርምጃዬ በኋላ የተነሣሁት ብቻ ለምን ጠፋ? ሐኪሙ በሳምንቱ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ለምን ተዛወረ? ሁለት ሰዎች ተሸክመው መኪና ላይ የጫኑኝን እኔን፣ ካርዱ «ያለ ሕመም በራሱ እግር ሄደ» የሚለው በየትኛው እግሬ ነው?

ባለፈው ወር ኩባ ተምሮ የተመለሰው መምህር ብርሃነ መስቀል በርበሬ ሊገዛ ሱቄ መጣ። ያ «ሲየንተሴ» የሚለው ቃል ከጆሮዬ አልጠፋም ነበርና ትርጉሙን ጠየቅሁት።

«ቁጭ ይበሉ ማለት ነው፣ ጋሽ ያሕያ። ማን ነው እንዲህ ያለዎት?» አለኝ።

ሚዛኑን አስቀምጬ ቁጭ አልሁ። የሐኪሜን ትእዛዝ ከአራት ዓመት በኋላ ፈጸምሁ። ጓድ ኃላፊ፣ ብረቱን እንኳ ለምጄዋለሁ። ይህን ሁሉ ጊዜ ግን ከየሶላቱ በኋላ ስረግመው የኖርሁት ያን ሐኪም ነበር። ሊያድነኝ የጮኸውን አንድ ሰው! ከጉልበቴ ይልቅ ያመመኝ ይህ ነው።

ስለዚህ ከእርስዎ የምለምነው የሐኪሙን አድራሻ ብቻ ነው፤ ይቅርታ ልጠይቀው እፈልጋለሁ። እርስዎ እኔን ይቅርታ ይጠይቁኝ ብዬ ግን አላስቸግርዎትም፤ ለእንዲህ ያለው ነገር ጊዜ እንደማይኖርዎት አውቃለሁ።

አሥራ ሁለት እርምጃ ሙሉ ባለ ውለታዎ የሆንሁ፣ ተቀምጬም ቢሆን ለክብርዎ የምነሣ፣

ያሕያ ዓብዱ
አሊዩ አምባ፣ ግንቦት 1980 ዓ.ም.

ከፈረምሁ በኋላ የሰማሁት፦ እርስዎም ጉልበትዎን ታመው ለሕክምና ወደ ውጭ አገር ሊሄዱ ነው አሉ። አላህ ይማርዎ። እባክዎን ያንን አስተርጓሚ ይዘውት ይሂዱ።