የፈንግል ክትባቱን ያስቀረሁት እኔ ነኝ

ውድ እትዬ ስመኝ፣

ቡልቡላን ለቀው ፍቼ እህትዎ ዘንድ ከገቡ ስምንት ወር ሆነ። አንድ ቀን እንኳ አልደወልኩም። ድምፅዎን ብሰማ መዋሸት አልችልማ።

መጀመሪያ ግቢዎ የመጣሁት የግራዋ ቅጠል የዶሮን በሽታ የመከላከል አቅም ያጠነክር እንደሆነ ለመመረቂያ ጥናቴ ልፈትን ነበር። ባለቤትዎ ካረፉ ወዲህ የሚተዳደሩባቸውን ስልሳ ዶሮዎች ሳያመነቱ ሰጡኝ። ቅጠሉን ራስዎ ወቅጠው ከመኖው ጋር ያደባልቁ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት የደም ውጤቱን ይዤ መጥቼ "ነጭ የደም ሴላቸው ጨምሯል" ስልዎ እልል አሉ።

ወዲያው ጠየቁኝ። "ሀጀርዬ፣ ቅጠሉ ይህን ያህል ካበረታቸው የፈንግሉ ክትባት ይቅር እንዴ?"

እትዬ፣ መልሱን አውቀው ነበር። ደማቸው ላይ ለውጥ ታየ ማለት ከፈንግል ይተርፋሉ ማለት አይደለም። ግን ከተከተቡ ቅጠሉ ብቻውን የሠራውን መለየት አልችልም፤ ጥናቴ ይበላሽብኛል። "ትንሽ እንቆይ" አልኩዎ።

በወሩ ፈንግል ገባ። አንገታቸው እየተጣመመ በአራት ቀን አለቁ። የመጨረሻዋን ታቅፈው በጣትዎ ውሃ ሲያንጠባጥቡላት አጠገብዎ ቆሜ አለቀስኩ። "አይዞሽ ልጄ፣ የኔ እጅ ነው በረከት ያጣው" ብለው ያጽናኑኝ እርስዎ ነዎት። እኔም ዝም አልኩ።

ባለፈው ወር ጎረቤትዎን ሲቲን ቦሌ ሚካኤል ታክሲ ውስጥ አገኘኋት። "ስመኝ እኮ የእህቷን ጫጩቶች እንኳ አትነካም። እጄ ይገድላቸዋል ትላለች" አለችኝ። መውረጃዬ ሳይደርስ ወረድኩ።

በማግስቱ አማካሪዬ ዶክተር ገብረዋሕድ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ተናገርኩ። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ለሴትዮዋ ነግረሻቸዋል?"

"አልነገርኳቸውም።"

"ታዲያ እኔ ዘንድ ምን አመጣሽ?"

ምረቃዬ ተራዝሟል፤ ይገባኛል። የዶሮዎችዎም ሞት ከነምክንያቱ ጥናቱ ውስጥ ተጽፏል። ግራዋው ብቻውን አላዳናቸውም። ክትባቱ ግን ሊያድናቸው ይችል ነበር፤ ያንን ያስቀረሁት እኔ ነኝ። እጅዎ ምንም የለበትም።

ቅዳሜ ፍቼ እመጣለሁ። በሩን ባይከፍቱልኝ አይከፋኝም። ይህን ወረቀት ግን እባክዎ ለእህትዎ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡላቸው።

የበደልኩዎ፣
ሀጀር ያሕያ