የናና ከረሜላው ቆርቆሮ

ይድረስ ለእናቴ፤

እንዴት ሰነበትሽ እማዬ? ወገብሽ ተሻለው? አባዬስ ሳሉን ለሐኪም አሳየ ወይስ አሁንም ማር እየላሰ «ምንም አልሆንኩም» ይላል? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ በእግራችን ቆመናል ለማለት ነው እንጂ፣ እኔስ እሑድ በርሽን ደርግሜ ከወጣሁ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። አማችሽ ደርክ «ብርዱ ነው» ይለኛል። እሱ መኪናው አልነሳ ሲልም፣ እኔ ስቆጣም፣ ወጡ ሲያርም ብርዱ ነው።

ሁለት መንገድ ተሻግረን እየኖርን ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። ስልክ ስደውል «ቆይ አባትሽን ላቅርብልሽ» ብለሽ ትሰጪዋለሽ፤ ከመከር ወዲህ አንድም ቀን ከሰላምታ አላለፍንም። ፊት ለፊት ስንገናኝ ደግሞ እኔ እጮኻለሁ፣ አንቺ ፈገግ ብለሽ «እሺ እሺ» ትያለሽ፣ ከዚያ የራስሽን ታደርጊያለሽ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ። ደርክ በእጅሽ ይሰጥሻል። አባዬ ሳያይ ብቻሽን አንብቢው።

እማዬ፣ እኔ ደክሞኛል። ሁሉም ሰው ጎበዝ እናት ነሽ ይለኛል፤ ጎበዝ አይደለሁም፣ ተናድጃለሁ። የልጄ የማርሊስ ጆሮዎች ስስ ድምፅ እንደማይሰሙ የነገሩን አምና በረዶው ሲቀልጥ ነው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ እነዚያ የባቄላ ፍሬ የሚያካክሉ ሁለት መስሚያዎች ገዝተውኛል። ስትነቃ እሰካለሁ፣ ትነቅላለች። እሰካለሁ፣ ትነቅላለች። አንዱን ውሻው አኝኮታል። አንዱን ከጎመን ሾርባ ውስጥ በጭልፋ አውጥቼዋለሁ። ባለፈው ሳምንት በረዶ ውስጥ ወርውራው፣ ደርክና እኔ ያንን ሁሉ ቅዝቃዜ ችለን በዱቄት ወንፊት በረዶ ስንነፋ ጎረቤት በመስኮት ቆሞ ያየን ነበር። አልጠየቀንም። እኔ ብሆንም አልጠይቅም።

ምክሩ ደግሞ አለልሽ፤ የዘመዱም የቤተ ክርስቲያኑ ሰውም። የደርክ እናት ጆሮዋ ውስጥ የሚንጠባጠብ የነጭ ሽንኩርት ዘይት ልካልኛለች። ጋሽ አብራም ልጅቷን ባየ ቁጥር አፉን ግንባሯ ላይ ለጥፎ «እንዴት ነሽ!» እያለ ይጮኽባታል፤ እሷም ምራቁን ትጠርጋለች። እትዬ ኔታ «ምን ያስጨንቅሻል? የኔም ልጅ እስከ አራት ዓመቱ ቃል አልተነፈሰም፣ ዛሬ የከብት ጨረታ አጫራች ነው» አሉኝ። ሰው ሁሉ ከኔ በቀር ሐኪም ነው።

ዊኒፔግ ከተማ ያለችው የጆሮ ባለሙያዋ ሮዛሊንዳ ግን ገና የመጀመሪያው ቀን አንድ ነገር ብቻ ነበር አደራ ያለችን። ዓይኗ ከተገለጠ ጆሮዋም ይከፈት፣ ልጅ ንግግር የሚማረው አሁን ነው፣ ያለፈው ጊዜ ተመልሶ አይመጣም አለች። አንቺም አጠገቤ ተቀምጠሽ ራስሽን ነቀነቅሽ። ለዚህ ነው እሑድ ያደረግሽው አንጀቴን ያሳረረው።

አየሽ፣ መስሚያዎቹ አንድ ነገር ሲጫናቸው እንደሚያፏጩ አውቃለሁ። ልጅቷ ጭንቅላቷን ደረትሽ ላይ ስታስደግፍ ያፏጫሉ። ባለፈው ወር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጉባኤው በአራት ድምፅ ቀስ ብሎ ሲዘምር፣ ፒያኖ የለ ከበሮ የለ፣ በመካከል ያ ቀጭን ፉጨት ሲገባ የሰው ሁሉ አንገት ሲዞር አይቻለሁ። እኔም ከወንበሩ ስር መግባት አምሮኝ ነበር። ግን እኔ አፈርኩ እንጂ መስሚያዋን አልነቀልኩም።

እሑድ ማርሊስን እጇን ይዘሽ ወደ ፊት ወንበር ስትወስጃት ደስ ብሎኝ ነበር። ትንሽ ልተንፍስ ብዬ ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ተቀመጥኩ። አንቺ ብድግ ብለሽ ያቺን ባለ ሁለት ጣት ቃና መስጫ ብረትሽን ጉልበትሽ ላይ መታሽ፣ የመጀመሪያውን ድምፅ ሰጠሽን፣ ዘመርን። ደህና ዘመርን። ከዚያ ተቀመጥሽ፣ ቦርሳሽን ጭንሽ ላይ አደረግሽ፣ ልጅቷን ከጎንሽ። የዝምታ ጸሎት ሆነ።

እና ፉጨቱ ጀመረ። ያንን ፉጨት በሕልሜ ሳይቀር አውቀዋለሁ። ማርሊስ አንቺ ላይ ተደግፋ ይሆናል ብዬ ቀና ስል ለብቻዋ ቀጥ ብላ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። ፉጨቱ አያቆምም። ጋሽ አብራም በእግሩ ጣት እየረገጠ ሄዶ የድምፅ ማጉያውን ገመድ ነቀለ፤ አላቆመም። ደርክ ምድር ቤት የተጣደው ማንቆርቆሪያ ፈልቶ ያፏጨ መስሎት ወርዶ ባዶ እጁን ተመለሰ። አንዱ ሕፃን ሳቀ። ሰባኪው እንኳን አንድ ዓይኑን ገለጠ። አንቺ ብቻ ቦርሳሽን እንዳቀፍሽ ዓይንሽን ጨፍነሽ ትጸልዪ ነበር። እንዴት ያለ ጸሎት ነው ብዬ ቀናሁብሽ።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለፋስፓ፣ ለእሑድ ከሰዓቱ ማዕድ፣ ቤትሽ ስንሰበሰብ፣ ያ ድርብ ዳቦሽ፣ አይቡ፣ የቼሪው ማርማላታ፣ የጭሱ ቋሊማ፣ ሁሉም እንደ ልማዱ ቀርቦ፣ ማርሊስን ሦስቴ ጠራኋት። አልዞረችም። ፀጉሯን ገለጥ ባደርገው ሁለቱም ጆሮዎቿ ባዶ ናቸው። የት ሄዱ ብዬ ስጮኽ አንቺ ቢላዋሽን እንኳን ሳታስቀምጪ «ቦርሳዬ ውስጥ ናቸው፣ ከከረሜላዬ ጋር። ጆሮዋም ትንሽ ይረፍ» አልሽ። የናና ከረሜላሽን ቆርቆሮ ከፈትኩት። አንደኛው መስሚያ ከረሜላ ላይ ተጣብቋል፣ የሌላው ቀዳዳ ስኳር ጠጥቷል። ሳታጠፊያቸው ነው የከተትሻቸው።

ከዚያ ያልነውን ሁለታችንም እናውቃለን። አያቶቻችን ከዩክሬን ሜዳ ሲወጡ ከአልጋ ልብስና ከዚህ መዝሙር በቀር ይዘውት የመጡት ነገር የለም፣ በፉጨት ሲበላሽ ቆሜ አላይም አልሽ። አንድ ሰዓት ሳትሰማ ብትውል ምን ትሆናለች አልሽ። እኔም መዝሙሩ የእሷም አይደለም ወይ፣ ለእሷ ካልተሰማ ለማን ነው የምትጠብቂው ብዬ ጮኽኩ። ከእንግዲህ ሥራ ስሄድ ልጄን አንቺ ጋ አልተዋትም ያልኩትም ያኔ ነው። አባዬ የሚፈለቅቀው የሱፍ ፍሬ አፉ ውስጥ እንዳለ ደርቆ ቀረ። አንቺ ያን ጊዜ ያየሽኝን አስተያየት ልረሳው አልቻልኩም።

ቃሌን ጠብቄ ሰኞም ዛሬ ማክሰኞም የደርክ እናት ጋ አዋልኳት። ማርሊስ ግን ጠዋት ጠዋት ጫማዋን አንስታ ወደ አንቺ ቤት በሚያወጣው በር ላይ ትቆማለች። የደርክ እናት ደግሞ ዘይቱን ሞቅ አድርጋ ጠብቃን ነበር። ይሄ ቅጣት ለማን እንደሆነ እንጃ።

ትናንት ማታ ቆርቆሮሽን ላጥብ ቆምኩ። በንዴቴ ይዤው ሄጄ ኖሯል። ስኳሩን እየፈተግሁ በልቤ ስነግርሽ የነበረውን ሁሉ ደገምኩት፤ ልማድሽ ነው፣ የሰው ቃል አትሰሚም፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለሻል፣ ሌላም ሌላም። እየፈተግሁ ሳለ ግን ያ ማዕድ መጣብኝ። ቆርቆሮውን የከፈትኩ ጊዜ መስሚያዎቹ መዳፌ ላይ አፏጩ። ደርክ ጆሮውን ይዞ ፊቱን አጨማደደ። አባዬ ዳቦውን ጣለ። ውሻው ከጠረጴዛው ስር ተነስቶ ጮኸ። አንቺ አጠገቤ፣ ክንድሽ ክንዴን እየነካ፣ ቋሊማውን እየቆረጥሽ «ኮምጣጤ ውስጥ የከረመ ዱባ የሚጨመርለት አለ?» አልሽ።

ስፖንጁን አስቀመጥኩ።

ፉጨቱን ፈርተሽ የነቀልሽው አንቺ፣ የዚያን ሁሉ ሰው ጸሎት ያቋረጠውን ፉጨት ጭንሽ ላይ ይዘሽ ተቀምጠሽ ነበር። መስሚያዎቹ መዝሙሩን ያበላሻሉ ብሎ የነገረሽ ጆሮሽ አልነበረም፤ የሰው አንገት ሲዞር አይተሽ ነው። ከዚያ ሌላውም አንድ በአንድ መጣ። ያቺን ብረትሽን ድሮ ጉልበትሽ ላይ መትተሽ ወደ ጆሮሽ ነበር የምታስጠጊያት። አሁን በጥርስሽ ነው የምትነክሻት። አዲስ ስልት ነው ብለሽ ወጣቶቹን አስቀሻል። እትዬ ኔታ ከጎን ሆነው አውራ ጣታቸውን ከፍ ዝቅ ሲያደርጉ የጣት ሕመም ይመስለኝ ነበር፤ ቃናው ሲወርድ ለአንቺ ምልክት እየሰጡሽ እንደሆነ አሁን ገባኝ። ስልኩም ለአባዬ የሚሄደው ለዚሁ ነው። እትዬ ኔታ አውቀው እኔ አለማወቄ ደግሞ ሌላ ንዴት ነው፤ እሱን ለብቻው እንጣላበታለን።

ምንም አልልሽም እማዬ። አንቺ ልንገርሽ ሳትዪኝ እኔ አልናገርም። አንድ ሰዓት ሳትሰማ ብትውል ምን ትሆናለች ላልሽው ብቻ፣ የአንቺስ ስንት ሆነ ብዬ አሰብኩና ሳህን ማጠቢያው ላይ ተደግፌ አለቀስኩ።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ሮዛሊንዳ ከሁሉ አስቀድማ ያስተማረችን ነገር አለ፤ ልጅቷን ከማናገራችሁ በፊት ጉንጯን በቀስታ ንኩ፣ ፊታችሁን ትመልከት፣ ከዚያ ተናገሩ ነው ያለችን። ማርሊስ ይህን ከኛ ቀድታለች። አንቺ ጭን ላይ ስትቀመጥ ልብ ብለሽ ታውቂያለሽ? ትንሿን እጇን ጉንጭሽ ላይ አድርጋ ፊትሽን ወደ ራሷ ታዞራለች፣ ዓይንሽን እስክታገኝ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ነው «አያቴ፣ ወተት» የምትለው። እኔ ለጨዋታ ይመስለኝ ነበር። እኔን እንዲህ አድርጋኝ አታውቅም። አባቷንም፣ አባዬንም። ከኛ ሁሉ መካከል አንቺን ብቻ ነው።

ሐሙስ ለጆሮ ምርመራ ዊኒፔግ እንሄዳለን። ያ ባለ መስታወቱ ክፍል፣ ድምፅ ሲሰሙ እንጨቷን ባልዲ ውስጥ የሚጥሉበት ጨዋታ። ልጅ ለመያዝ ብለሽ አትምጪ፣ ማርሊስን እኔ እይዛታለሁ። ሮዛሊንዳን አነጋግሬያታለሁ፤ ከእኛ ቀጥሎ ያለውን ሰዓት ለማንም አልሰጠችም። መዝሙር መምራቱን ይነጥቁኛል ብለሽ ከሆነ፣ የሚነጥቅሽ ሰው መጀመሪያ ከኔ ጋር ይተያያል። እትዬ ኔታም ቢሆኑ። ፉጨት ከመጣም ይምጣ፤ እኔ እንደሆንኩ በፉጨት ማፈር ከእሑድ ወዲህ ጨርሻለሁ። ነገ ጠዋት ማርሊስን እንደ ድሮው በርሽ ላይ አመጣታለሁ። በሩን ሁለት ጊዜ አንኳኩቼ ካልከፈትሽ ዝም ብዬ ገብቼ ጉንጭሽን እነካለሁ፤ አትደንግጪ።

አባዬን ሳሚልኝ። እግዚአብሔር ወገብሽን ያጽናልሽ፣ ድምፅሽን ለብዙ ዘመን ያቆይልን፣ የልጅ ልጅሽ ስትዘምር ለመስማት ያብቃሽ።

በርሽን የደረገመችው፣ አሁንም ትንሽ የተቆጣች፣ የምትወድሽ ልጅሽ።

ይህን ረስቼው፦ ቆርቆሮሽ ታጥቦ ከደብዳቤው ጋር መጥቷል። ከረሜላ ልሞላው ስል ማርሊስ ከእጄ ቀማችኝና ባዶውን ክዳኑን ገጠመችው። ምነው ስላት «የአያቴም መስሚያ» አለች።